የገበያ ቀን ምርመራ

«አሁንም ያንን ነገር አልተውሽውም?» ይሉኛል ወንድሞቼ፣ የወህኒ ቤት ወሬ በተነሳ ቁጥር ፊቴ ሲለዋወጥ እያዩ። አልተውኩትም። ለምን ብዬ እተወዋለሁ?

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ሰቆጣ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። የአክታ ምርመራ የምንሠራው በገበያ ቀን ብቻ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ከተማ የሚወጣው ያን ቀን ነው ተብሎ። በሌላ ቀን እያሳለ የመጣ ሰው «በገበያ ተመለስ» ይባላል። እንደ ልቡ ለሚሄድ ሰው ይህ ምንም አይደለም።

አንድ እስረኛ ይመጣልኝ ነበር፣ እዚያው ሰቆጣ አቅራቢያ ያለችው የዝቋላ ገበሬ። በመሬት ጠብ ሰው ገድሎ ተፈርዶበታል። ሲያስል በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ ወደ አፉ ያነሳል፤ መዳፉ ላይ ደም አይቻለሁ። ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ለመጠርጠር ብዙ መማር አያስፈልግም፤ ሳይረጋገጥ ግን መድኃኒቱ አይጀመርም።

«በገበያ ቀን አምጣልኝ» አልኩት አጃቢውን ፖሊስ።

«አይሆንም ሲስተር። በገበያ ደመኞቹ ከተማ ናቸው። እርቅ ሳይወርድ መንገድ ላይ ቢያገኙት አይለቁትም። እሱ ሲሞት እኔ ልታሰር?»

ሐሰቱን አልነበረም። በእኛ አገር ሽማግሌ ሳያስታርቅ ገዳይና የሟች ወገን አይተያዩም። ግን ምን ይሁን? በሌላ ቀን ይመጣል፣ ምርመራ የለም። በገበያ ቀን ምርመራ አለ፣ እሱ የለም። «ዕቃውን ይዤ ወህኒ ቤት ሄጄ አክታውን ላምጣ» ብዬ አለቃዬን ብጠይቀው፣ «የእነሱ ጉዳይ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ከጎኑ ተጠጋግተው የሚተኙት እስረኞችስ የማን ጉዳይ ናቸው?

በሽተኛውን አስፈቅጄ የሟቹን አባት በገበያ ቀን ፈለግኋቸው። እህል ተራ ቆመው አገኘኋቸው። ነገሩን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ዳኛው የፈረደበት እስር ነው» አሉኝ። «በሳል ይሙት ያለ ዳኛ አለ? እኔ አልታረቅሁትም፤ ዓይኑን ማየትም አልፈልግም። ግን አምጡት። ከእኛ ወገን ጤና ጣቢያው ደጅ የሚደርስ የለም፣ እኔ እይዛቸዋለሁ።»

ይህን ይዤ ወደ ፖሊሱ ሮጥኩ። «በሽማግሌ ቃል እስረኛ አላወጣም፤ ከአለቆቼ ትእዛዝ ይምጣልኝ» አለ። የእሱ አለቆች የአንቺ አለቃ ይጠይቀን አሉ፣ የእኔ አለቃ እነሱ ይጠይቁኝ አለ። በዚህ መሀል ክረምቱ ገባ። ትእዛዙ ሲደርስ ሰውየው ከተቀበረ ሰንብቷል።

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ እስረኛ ነው» አለኝ አለቃዬ። እስረኛ ሳንባ የለውም እንዴ ብዬ ጮህኩበት። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ከመስቀል በኋላ ያው ፖሊስ የደንብ ልብሱን አውልቆ ብቻውን መጣ። ከስቷል፣ ያስላል። ቀኑ የገበያ ቀን አልነበረም። አለቃዬ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ የላቦራቶሪ ሠራተኛውን ጠራና «ይሄን አሁኑኑ ሥራልኝ» አለው። እዚያው ሠሩለት። ለካ ማይክሮስኮፑ በማንኛውም ቀን ይሠራል!

ነቀርሳው ተገኘበት። መድኃኒቱን በየቀኑ የምሰጠው እኔ ነበርኩ፤ ዓይኔ እያየ ነው የሚውጠው። በሽተኛ ነው፣ ልከለክለው አልችልም፤ ቂሜን ከኪኒኑ ጋር አልሰጠሁትም። አንድ ጠዋት ግን ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ሲስተር፣ በቤታችን የሚያስል ሰው የለም። ከማን ያዘኝ ይመስልሻል?» አለኝ።

«በገበያ ቀን አላመጣውም ካልከው ሰውዬ» አልኩት።