ወደ ጋሼ ተስፋይ ፓርላማ የገባው በሬ

በታላቅ ሐዘን የማሳውቃችሁ ዜና አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ቤዝመንት የተከበረ ፓርላማ በአንድ በሬ ተበትኗል። ቁጭ ብላችሁ አንብቡ...

ቤዝመንቱ፣ ማለትም ምድር ቤቱ፣ የጋሼ ተስፋይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ጎረምሶች ሰብስበው በዩቲዩብ የሌላ አገር ፖለቲካ ያስተምሩናል። ላፕቶፑን የምይዘው እኔ ነኝ። «ሚዩት አድርጋት!» ይሉኛል፤ ድምፁን አጠፋለሁ። ከዚያ ለእንግሊዙም ለጃፓኑም የፓርላማ አባል ራሳቸው በአማርኛ ይናገሩለታል። እሱ ሲቆጣ ይቆጣሉ፣ ሲያስነጥስ ያስነጥሳሉ።

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። በፓርላማው ፈንታ የከብት ጨረታ ከፈትኩላቸው። ባለ ኮፍያው ሰውዬ ማይክ ላይ ይለፈልፋል፣ ሰዉ እጁን ያወጣል።

«አፈ ጉባኤው በጀት እያቀረቡ ነው» አሉ ጋሼ። «እኚህ ደገፉ። እኚያም ደገፉ። ተቃዋሚ የለም እንዴ? ምን ዓይነት አገር ነው!»

ጓደኛዬ ሚኪ ሳቁን ለማፈን የሶፋውን ትራስ ነከሰ።

ከዚያ ቪዲዮው ላይ በር ተከፈተና... በሬው ገባ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ጋሼ፣ እኚህስ የየትኛው ፓርቲ ናቸው?» አልኳቸው።

አልሳቁም። አልተቆጡምም። በዚያው በፓርላማ ድምፃቸው ቀጠሉ...

«እኚህ ድምፅ አይሰጡም። ስብሰባው ግን ስለ እሳቸው ነው። አዞሯቸው፣ እግራቸውን አዩ፣ ዕድሜያቸውን ጠየቁ። አሁን በዚያኛው በር ያስወጧቸዋል።»

ሳቃችን ቀስ በቀስ ጠፋ። የነዳጅ ዋጋ ከወረደ ወዲህ ኩባንያዎቹ አባቶቻችንን ተራ በተራ «ሌይኦፍ» እያሉ ከሥራ ሲቀንሱ፣ «እኔን አይነኩኝም፣ ያለ እኔ ቧንቧ የሚበይድ የላቸውም» የሚሉት ጋሼ ነበሩ።

«ጋሼ... ሥራ ሰላም ነው?» አለ ሚኪ።

«ሐሙስ ጠርተው አሰናበቱኝ። ለተ አልሰማችም። ድምፃችሁን ቀንሱ።»

እትዬ ለተ፣ ባለቤታቸው፣ ከላይ ከደረጃው ተጣሩ። «እናንተ! ምነው ጸጥ አላችሁ? ምን ሆናችሁ?»

ጋሼ እኔን አዩኝ። «ሳቅ እንጂ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሌላ ጊዜ ማን ከልክሎህ ያውቃል?»

ሳቅኩ። ሚኪም ተከተለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሳቅ የለም... እትዬ ለተ ግን «እንደዚያ ነው!» ብለው በሩን ዘጉ።

ትናንት ጋሼ ራሳቸው ለእትዬ ለተ ነግረዋቸዋል። አሁን የምጽፈው ለዚህ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ በሬ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ወጣ... ያን ያህል ዜናም አልነበረም።