ጽዋው ከቤቴ እስኪወጣ

«ጽዋው ከቤቴ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን አፍርስ» አለችኝ ባለቤቴ። ይህን ያለችኝ ከዘራዋን ተደግፋ በጓሮው በር ላይ ቆማ ነው። እኔ ሜትሬን ዘርግቼ የኋላውን ክፍል ግድግዳ እለካ ነበር። ቃሏን በሚገባ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼም «እስከዚያ ያልቃል» ብዬ መለስሁላት።

ቤታችን ካዛንቺስ ውስጥ ከተረፉት ጥቂት አሮጌ የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። አባቴ ሲያሠራው፣ እንደ ዘመኑ ልማድ፣ ማድ ቤቱን ከመኖሪያው ነጥሎ ጓሮ ውስጥ አስቀመጠው። በሁለቱ መካከል ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል። ክረምት ሲገባ ድንጋዩ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ያበቅልና ያሟልጫል። ባለቤቴ ባለፈው ክረምት ትኩስ ድስት ይዛ ስትሻገር እዚያ ላይ ወደቀች፤ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ዳግመኛ መውደቅ እንደሌለባት አጥብቆ ነገረኝ። ዳግመኛ ብትወድቅ ምን እንደሚሆን ግን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ማድ ቤቱን ወደ ቤት ውስጥ ለማስገባት የወሰንሁት ያን ዕለት ከሆስፒታሉ ስንመለስ፣ ታክሲው ውስጥ ነው። የልጆቻችን መኝታ የነበረው የኋላ ክፍል ባዶውን ነበር፤ ልጆቹ ሁሉም በየፊናቸው ሄደዋል።

የእርሷ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ከወጣትነቷ ጀምሮ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ማኅበርተኞቹ ወር በወር በአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጸሎት ይደረጋል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ በመጨረሻም ጽዋው ለቀጣይዋ ባለተራ ይሰጣል። ጽዋውን የተቀበለች ሴት የሚቀጥለውን ወር ዝክር በቤቷ ልታወጣ ቃል ገባች ማለት ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ አብዛኞቹ በከተማው ዳር ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበትነዋል። ባለቤቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታ በነበረችበት ጊዜ ተራዋ አልፏት ነበርና፣ እንደ ዳነች ሄዳ ጽዋውን ተቀበለች። ሴቶቹን በዚህ ቤት፣ በገዛ እጇ በጠመቀችው ጠላ አስተናግዳ፣ ጽዋውን በክብር ለማስረከብ ትሻ ነበር። ከዚህ በኋላ ተራ ይደርሰኛል ብላ አታስብም ነበር፤ እኔም አላሰብሁም፤ ሁለታችንም ግን አፍ አውጥተን አልተናገርነውም።

ሥራውን የያዘልኝ ፎርማን አፈ ጮሌ ጎልማሳ ነበር፤ የአዲሱን ማድ ቤት ካቢኔት ቄራ አካባቢ ካለ አንድ ወርክሾፕ ያሠራልኝ እርሱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ወንበሯ ላይ እንደ ተቀመጠች ጠራችው።

«ልጄ፣ ለማርያም ይደርሳል?»

«እማማ፣ ማርያምን ይደርሳል!»

«በእሷ አትማል። በራስህ ማል።»

«በራሴማ ከማልሁ ማን ያምነኛል?» አለና ሳቀ፤ እርሷም ሳቀች።

ከዚያ አሮጌውን ማድ ቤት አፈረሰው። ቆርቆሮውና ድንጋዩ ለአዲሱ ሥራ ያስፈልጋል ብሎ አሳመነኝ፤ እኔም ወረቀት ላይ ሳሰላው ልክ መስሎ ታየኝ። የቧንቧውን መስመር ለማስገባት የኋላውን ክፍል ግድግዳ መምታት በጀመሩ ጊዜ ግን ልስኑ በግዙፍ ቁራጭ እየተገመሰ ወደቀ። ምሰሶውና ማገሩ ከሥር ጀምሮ በምስጥ ተበልቶ ዱቄት ሆኗል። ግድግዳው ለካ ለዓመታት የቆመው በቀለሙና በጭዱ ብቻ ኖሯል። ከሰዓት በኋላ ከፊሉ ወደ ጓሮው ተኛ።

«ፋዘር፣ እኔ ነካ ነው ያደረግሁት» አለኝ ፎርማኑ አቧራውን ከፊቱ እየጠረገ። «ማለቴ፣ ይሄ እኮ ቤት አይደለም፣ የቆመ አፈር ነው። በቃ ደክሞት ነበር፣ አረፈ።»

«የጠየቅሁህ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ነው።»

«ጊዜማ የእግዜር ነው ፋዘር።»

ግድግዳውን በብሎኬት እንደገና ማቆም ግድ ሆነ። ዝናቡም ቀድሞ ገባ። ከአንዱ ማድ ቤት ወጥተን ወደ ሌላው ሳንገባ ቀረን፤ ሳሎን ውስጥ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሽሮ እየሠራን፣ የኋላውን ክፍት በሸራ ጋርደን ሰነበትን። ባለቤቴ አንድም ቀን «ነግሬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ እመርጥ ነበር። ማለዳ ማለዳ ከዘራዋን ይዛ ወደ ሸራው ትሄዳለች፣ ጫፉን ገለጥ አድርጋ ብሎኬቱ የት እንደ ደረሰ ታያለች፣ መልሳ ጋርዳው ትመለሳለች።

በዚያ ሰሞን ነው ጋኖቹን ያጠብኋቸው።

በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ኬሚስትሪ ነው፤ እስከ ጡረታዬም ድረስ የውኃ ንጽሕና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። በእጄ ያለፉትን ወጣቶች ሁሉ ከማንኛውም ትምህርት አስቀድሜ ያስተማርኋቸው ዕቃው ካልጸዳ ውጤቱ እንደማይታመን ነው። አሮጌው ማድ ቤት ሲፈርስ ሁለቱ የጠላ ጋኖች ወደ በረንዳው ወጥተው ነበር። ባለቤቴ ለሙሽርነቷ ከእናቷ ቤት ያመጣቻቸው ናቸው። በብርሃን ሳያቸው ደነገጥሁ። ጥላሸት፣ የሸረሪት ድር፣ ውስጣቸው ደግሞ እንደ ቅርፊት የጠቆረ ነገር። አዲስ ማድ ቤት ውስጥ በዚህ ሁኔታ እንዲገቡ ኅሊናዬ አልፈቀደም። ባለቤቴ መኝታ ቤት ጋደም ባለችበት ሰዓት በረኪና በጥብጬ ሞላኋቸው፤ አሳደርኋቸው፤ በማግሥቱ በብሩሽ ፈትጌ ደጋግሜ አለቀለቅኋቸው። እንደ አዲስ ቀሉ። ደስ አለኝ። አልነገርኋትም፤ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትንሹ ይህ ነው ብዬ፣ ራሷ አይታ እንድትደሰት ተውሁት።

ግድግዳው ቆመ፤ ሴራሚኩ ተለጠፈ፤ የዕቃ ማጠቢያው ላቫንዲኖ ተገጠመ። የካቢኔቱ በሮች ገና ቢሆኑም እርሷ አልጠበቀችም። ወንበር አስገብታ ጋኖቹን እንድናመጣላት አዘዘች። ውስጣቸውን በእጇ ዳበሰችና «ምነው ለሰለሱ?» አለች። «አጥቤያቸው ነው» አልኋት። «በግራዋ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በደንብ» አልሁ። እንደ ወጉ በወይራ ጢስ አጠነቻቸው። በዚያ ላይ ቤቱ በሙሉ ቀለምና ሲሚንቶ ይሸት ነበር፤ የበረኪናው ሽታ ከዚህ ሁሉ ሥር ተሸሸገ። ጌሾውንና ብቅሉን በውኃ ጠነሰሰች፤ የጋኖቹን አፍ ከደነች፤ ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጇን በእርካታ ታጠበች። ከወደቀች በኋላ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አላየኋትም።

ጥንስሱ አልነቃም። በነጋ ቁጥር ክዳኑን ታነሣለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች። የሚፈላ ጥንስስ ድምፅ አለው፤ እርሷ ያንን ድምፅ ከጋብቻችን ጀምሮ ታውቀዋለች። ምንም የለም። ውኃው ላይ ጌሾው እንደ ወደቀ ቅጠል ተኝቷል። አንድ ቀን አቧራውም ቀለሙም ቀንሶ ስለ ነበር፣ ክዳኑን አንሥታ ፊቷን ወደ አፉ አስጠጋች። ቀና ሳትል ቆየች።

«በረኪና ነው?» አለችኝ።

«አለቅልቄው ነበር። ብዙ ጊዜ ነው ያለቀለቅሁት።»

«ሸክላ እኮ ይጠጣል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ስንት ዓመት የጠጣውን ጠላ አስተፋኸው፤ በምትኩ ይሄን አጠጣኸው።»

ይህን ለመረዳት ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ደግሞ ተምሬዋለሁ። በመስታወት ዕቃ ስሠራ ስለ ኖርሁ፣ ሸክላ ቀዳዳ እንዳለው፣ ያ የጠቆረው ቅርፊት ቆሻሻ ሳይሆን ጠላውን የሚያስነሣው ሕይወት እንደ ሆነ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልሞከርሁት የለም። በፈላ ውኃ ሞላኋቸው፤ በአመድ ፈተግኋቸው፤ በግራዋ አሸኋቸው፤ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር አውጥቼ ሰጣኋቸው። አፍንጫዬን አስገብቼ ባሸተትሁ ቁጥር ያው ነው። ባለቤቴ በመስኮት ታየኛለች። «ተወው፣ ብርድ ይመታሃል» ትለኛለች።

ጋን ለመዋስ ወጣሁ። ድሮ ቢሆን አጥሩን ተንጠራርቶ መጣራት ይበቃ ነበር፤ ጋንም ጥንስስም በአጥሩ ላይ ይሻገር ነበር። አሁን ካዛንቺስ ውስጥ የማንኳኳው በር አጣሁ። የጎረቤቶቻችን ግቢዎች በነበሩበት በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አዲስ የመንገድ መብራት፣ ገና የተተከሉ ችግኞች። የቆርቆሮውን አጥር ተደግፌ የዚያች ሴት ቤት የት ነበር፣ የዚያችኛዋስ በር ወዴት ይዞር ነበር እያልሁ ለማስታወስ ሞከርሁ። አልሆነልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርሁበት ሰፈር ውስጥ መንገድ ጠፍቶኝ ቆምሁ። እስከ ላንቻ ወረድሁ። የማውቃት አንዲት ሴት ነበረች፤ «ጋሼ፣ ጋን? እኛ እኮ ለስላሳ ነው የምናቀርበው» አለችኝ።

ስመለስ ባለቤቴ አዲሱ ማድ ቤት ውስጥ፣ በር በሌላቸው ካቢኔቶች መካከል ተቀምጣ ነበር።

«ከጠላ ቤት ግዛ» አለችኝ።

«አትፈልጊማ። ለማርያም የተገዛ አይቀርብም ያልሽ አንቺ ነሽ።»

«ብዬ ነበር።»

ቄራ ወርጄ ከአንዲት ጠማቂ ቤት በጀሪካን አስቀዳሁ። ጀሪካኑን ታክሲ ላይ ስጭን ረዳቱ «ፋዘር፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ።

በዕለቱ ሴቶቹ መጡ። ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ፣ ነጠላቸው ጭቃ ነክቶት፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ። ግማሽ ያህሉ ቀርተዋል። ከሁሉ ርቃ የሰፈረችው ከአጥር ባሻገር ጎረቤታችን የነበረችው መበለት ናት፤ ምላሷ ድሮም ስለት ነው። ሴራሚኩንና ላቫንዲኖውን ዙሪያውን አየች።

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ማድ ቤት ነው ወይስ ክሊኒክ? እኔ መርፌ ሊወጉኝ ነው ብዬ ክንዴን ገለጥሁ!»

ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀች። ዳቦው ተቆረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። መበለቲቱ ቀመስ አድርጋ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣችው፤ ከዚያም እንደ ደንቡ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብላ መረቀች።

«የእኔ እጅ አይደለም» አለች ባለቤቴ። «የተገዛ ነው።»

ብርጭቆዎቹ ግን ባዶ ሆኑ፤ አንዷም አላስተረፈችም። ይህ ደግነታቸው እስከ ዛሬ ያመኛል።

የማሳረጊያው ጸሎት ሲያልቅ የንስሐ አባታችን ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደ ተሸፈነ አንሥተው «ቀጣይዋ ባለተራ?» አሉ። ሴቶቹ ወለሉን አዩ። አንዷ በልጇ አማቶች ቤት ተጠግታ እንደምትኖር ቀስ ብላ ተናገረች። ሌላዋ ከቤቷ እንደገና ልትነሣ ነው። መበለቲቱ «አባቴ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ሊፍት የለም። እነዚህ ጉልበቶች ናቸው የሚወጡት?» አለች፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደችም። ጽዋው በካህኑ እጅ ላይ ቆየ።

ባለቤቴ ከወንበሯ ላይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«እኔው ዘንድ ይደር።»

«ልጄ፣ ወጉ እኮ…»

«ወጉን የምትጠብቅ ካለች ትውሰደው አባቴ። ከሌለች እዚሁ ይደር። በሚቀጥለው ወር በእጄ የጠመቅሁትን አጠጣችኋለሁ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጽዋውን ስትቀበል ግን ካህኑ ከሥር ደግፈው ነው የሰጧት። ጽዋው ከቤቷ ይወጣል ብላ የጠበቀችው ሴት እንደገና ተሸከመችው፤ እኔም ከቤቱ እንዴት እንደሚወጣ ከዚያ ቀን ወዲህ አላውቅም።

በማግሥቱ መርካቶ ሄጄ አዲስ ጋን ገዛሁ። አሁን አሮጌው ማድ ቤት በነበረበት፣ ፎርማኑ ሳይጠርግ በተወው ፍርስራሽ መካከል፣ ወይራ አቀጣጥዬ ጋኑን በአፉ ደፍቼበታለሁ። ጢሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ባለቤቴ በአዲሱ ማድ ቤት መስኮት ተቀምጣ ታዘኛለች። አንድ ጋን ጠላን ለመልመድ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ጠይቄያት ነበር፤ «አጥነው» ብቻ አለችኝ። ጋኑን አንሥቼ ወደ መስኮቱ ተሸክሜ ሄድሁ፤ አፉን አስጠጋሁላት። አሸተተች።

«ገና ጭቃ ጭቃ ይላል» አለች። «ድገመው።»