የመጨረሻው ፉርጎ መብራት

ያኔ ፍጥነት የሚባል በሽታ ይዞኝ ነበር። ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ የጤና ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ፤ የተማሪ መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠራሁትም እኔ ነኝ። ስም አስገብተህ ቁልፉን ስትነካ፣ ገና ጣትህ ሳይነሳ «ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ዳይሬክተሯ ባየችው ቁጥር ታጨበጭባለች፤ እኔም እንደ አውራ ዶሮ ደረቴን እነፋለሁ።

የፍጥነቱን ምስጢር ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ኮምፒውተር የጻፍክለትን ነገር ወዲያው ዲስክ ላይ አያሰፍርም። ለጊዜው ሜሞሪው ውስጥ ይይዝና ሲመቸው ያወርደዋል። በመሀል መብራት ከጠፋ የያዘው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው «አሁኑኑ አውርድ፣ ማውረድህንም ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ ይጨምርበታል። አሮጌው ዲስካችን ይህን ሲታዘዝ እያቃሰተ ስለሚያዘገየኝ ትእዛዙን አወጣሁት። ይባስ ብዬም የጠዋቱን ምዝገባ ሁሉ ስድስት ሰዓት ላይ በአንዴ እንዲያወርድ አደረግኩት። መብራት ቢጠፋስ? ከኮምፒውተሩ ሥር ባትሪ አለኝ፣ ምን ያሳስበኛል! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚሉት ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በእኛ ከተማ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ ያስገባዋል። ዳይሬክተሯ ደግሞ እሳት ትፈራለች፤ ለምሳ ስንወጣ ዘበኛው ዋናውን ማጥፊያ እንዲያወርዱ አዛለች። ዘበኛው ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ናቸው። አንቱ ስላቸው «አቦ፣ አታስረጀኝ!» ይሉኛል። ስድስት ሰዓት ሲሉ ግን ስድስት ሰዓት ነው፤ አንዲት ደቂቃ አያልፉም።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን የዘበኛው ልጅ መጣች። አዋላጅ መሆን የምትመኝ፣ ይህችን ቀን ሁለት ዓመት የጠበቀች ልጅ ናት። የቀሩት ቦታዎች አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ማልዳ በሩ ላይ ተቀምጣ የተሰለፉትን ስም በደብተር ልባስ ላይ የጻፈችውም እሷ ነች። የራሷን ግን አልጻፈችም። «የዘበኛ ልጅ ተሻማች እንዳይሉኝ» ብላ አሥራ አንዱን ሰው አሳልፋ በመጨረሻ ገባች። ስሟን አስገባሁ፣ አረንጓዴው ወጣ። አባቷ በመስኮት አይተው ፊታቸው በራ፤ ሰዓታቸውን አዩና ሄደው ማጥፊያውን አወረዱት።

ስክሪኔ ድርግም አለ። ባትሪዬስ? ቢሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ መዞሩን ቀጥሏል፣ የዳይሬክተሯ ቬንትሌተር። መብራት ሲጠፋም እንዲዞርላት ጠዋት ሳትነግረኝ ባትሪዬን ወስዳ ቬንትሌተሯን ሰክታበታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ስከፍት አሥራ ሁለቱም የሉም። ልጅቷ የጻፈችበት የደብተር ልባስ አሥራ አንዱን አዳነ። እሷ ራሷ ግን የትም የለችም። ለቀረችው አንዲት ቦታ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የመጣች ሌላ ሴት ማስረጃዋን ይዛ ቆማለች።

«በወረቀትም በኮምፒውተርም የለች። ምን ብዬ ላስገባት?» አለች ዳይሬክተሯ።

ሁሉም ዘበኛውን ያያል። እሳቸው እጃቸውን ያያሉ።

«በገዛ እጄ» አሉ፣ «በገዛ እጄ ልጄን አጠፋኋት።»

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጥፋቱ ባለቤት አገኘ፣ ባለቤቱም እኔ አይደለሁም። ከዚያ ልጅቷ የአባቷን ክንድ ይዛ «ምንም አይደል አባ፣ ለከርሞ ነው» ስትል ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«የሳቸው ጥፋት አይደለም» አልኩ። «ሳይጻፍ ተጻፈ ብሎ የዋሸው ፕሮግራሙ ነው። እንዲዋሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ቀና አሉ። «ቆይ፣ ሳታይ ነው ገባች ያልከው?»

«አዎ።»

«አቦ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ! እኛ እኮ ባቡሩ አለፈ ብለን የምንጽፈው የመጨረሻውን ፉርጎ መብራት በዓይናችን ስናይ ነው። ግማሹ ተበጥሶ መንገድ ላይ ቀርቶ ቢሆንስ?»

ዳይሬክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«ተመዝግበሻል ብለሃታል?»

«ብያታለሁ።»

«እንግዲያው ተመዝግባለች። ሁለቱም ይግቡ። ያለን ወንበር ግን አርባ ነው፣ አንድ ጎደለ።» ትንሽ አሰበችና የእኔን ወንበር አየችው።

ያን ዓመት በሙሉ የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ባትሪዬ ተመለሰልኝ። ያወጣሁትንም ትእዛዝ መለስኩት፤ አረንጓዴው ጽሑፍ አሁን ዲስኩ አቃስቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ዳይሬክተሯ «ምነው ይህ ነገር ተንቀራፈፈ?» ትላለች፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቬንትሌተሯ ስለሚቆም በወረቀት ታራግባለች።

ዘበኛው ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን እጃቸውን ማጥፊያው ላይ አድርገው በመስኮት ይጮኻሉ።

«የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ?»

«አልፏል።»

«በዓይንህ አየኸው?»

ሳጥኔ ላይ እዞራለሁ። ኮምፒውተሩ ሜሞሪው ውስጥ የያዘውን ጥሎ ከዲስኩ እንደ አዲስ እንዲያነብ አደርገዋለሁ፤ የተማሪዎቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው፣ እስከ ልጃቸው ስም ድረስ በዓይኔ እከተላለሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ምሳዬ ይቀዘቅዛል።

«አየኋት» እላለሁ። ያኔ ያጠፋሉ።