ሰው ያለው ወንበር

ሶቭየቶቹ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ በባሌት ዳንስ ሊያሳዩ አዋሳ የመጡ ዕለት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ተመልካቹን ቦታ የምታስይዘው ታቢታ፣ ሰፊ የወንድ ሹራብ የለበሰች አንዲት ሴት የጎኗን ወንበር በነጠላዋ መያዟን አየች።

«እትዬ፣ ነጠላዎን ያንሱልን፤ ሰው ቆሟል።»

«ሰው አለው።»

ሕዝቡ ዳንሰኞቹ በእግር ጣት መሽከርከራቸው ገርሞት ሲያጨበጭብ፣ ሴትዮዋ ታሪኩን እየቀደመች ለባዶው ወንበር ታንሾካሹካለች። እኩሌታው ላይ ግን ድንገት ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ሌላው ሰው ዓይኗን አፍጥጣ ተመለከተች።

ሲያልቅ ታቢታ ጠጋ አለቻት። «የያዙላቸው ሰው ቀሩ እንዴ?»

«ባለቤቴ ይህንኑ መጽሐፍ ያነብልኝ ነበር። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ወታደሮች መጥተው ወሰዱት፤ ስድስት ዓመቱ።» ነጠላዋን አጣጥፋ ተነሣች። «ሲመለስ መጨረሻውን አላየሁም እለዋለሁ። ራሱ ይጨርስልኝ።»