«ገባን» የሚለው ክፍል

ተማሪዎቹ ከኋላዋ «ቲቸር ገባችሁ» ነው የሚሏት። ስም ማውጣት ላይ መቼም ተማሪን የሚያህል የለም፤ ያወጡላት ስም ልክክ ብሎባታል። የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች። አንድ ነገር አስረድታ በጨረሰች ቁጥር ጠመኔዋን ወደ ተማሪዎቹ ቀስራ «ገባችሁ?» ትላለች። ክፍሉም ባንድ አፍ «ገባን» ይላል። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ጩኸቱ በር ላይ እስከተቀመጠው ጥበቃ ድረስ ይሰማል። እሷ ታዲያ ያን ስትሰማ ሆዷ ቅቤ ይጠጣል።

ፀጉሯ ሸብቷል፣ ለጡረታ ግን ገና ነች። ልጆቿን ድራ ጨርሳ ቤት የቀራት ልብስ ሰፊው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ከስፌት መኪናው ቀና የሚለው እራት ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ተነስቶ ክፍል መግባት ለእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ነፍሷ ያለችው እዚያ ነው። ያን ቢወስዱባት ምን እንደምትሆን አስባው አታውቅም።

ጉዱ የመጣው የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ሲያልቅ ነው። የእሷ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ክፍሎች ሁሉ በሒሳብ ውራ ወጣ። ዳይሬክተሩ ሰው ማስቀየም ሞቱ ነው፤ ቢሮው ጠርቷት መነጽሩን ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ቆይቶ ነገሩን እንደምንም አወጣው።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። በቅርቡ ክፍልዎ ገብቼ አያለሁ። ለውጥ ከሌለ ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥተን እርስዎ ቤተ መጻሕፍቱን ይይዙልናል። ዕረፍትም ያገኛሉ።»

ያቺ «ዕረፍት» የምትል ቃል አንጀቷን አሳረረችው። እሺ ብላ ወጣች፤ ምን ትላለች?

በትምህርት ቤቱ የአምስተኛ ክፍል መምህራን በየሐሙሱ ከትምህርት በኋላ የሚገናኙበት ቡድን አለ። ሦስት ናቸው፤ እሷ፣ ገና ልጅ እግር የሆነችው የሳይንስ መምህርት፣ እንዲሁም በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ስለሚወስድ «ነጠላ ሰረዝ» የሚሉት የቋንቋ መምህር። የሚሰበሰቡት ቧንቧው በሚያንጠባጥበው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ብዙ ልጅ የሳተውን አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፣ ለምን እንደተሳተ ይመረምራሉ፣ ከዚያ ባስተማማራቸው ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጠው ልጆቹ መሻላቸውን ያያሉ። «ምክንያት እንጂ ጥፋተኛ አንፈልግም» ተባብለዋል። ለማውራት ቀላል ነው፤ ማድረጉ ነው ከባዱ።

ያን ሐሙስ ያነሱት ጥያቄ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የቱ ይበልጣል የሚለውን ነበር። የእሷ ልጆች አብዛኞቹ አራተኛውን መርጠዋል።

«ይኼንን እኮ አስተምሬያለሁ» አለች። «አንድ ሳይቀር ገባን ብለውኛል።»

የሳይንስ መምህርቷ በዚያው ሳምንት ኋላ ወንበር ተቀምጣ ትምህርቱን አይታ ነበር። ጉሮሮዋን ጠረግ አደረገች። «እትዬ፣ እንዳይከፋዎት። ልጆቹ ገባን የሚሉት እርስዎ ገና ጠመኔውን ሲያነሱ ነው። ጥያቄውን እንኳ አይጠብቁም።»

«እስቲ፣ ነገ፣ ሆን ብለው፣ ስህተቱን ያስተምሯቸውና» አለ ነጠላ ሰረዝ፣ «ገባችሁ፣ ብለው ይጠይቋቸው።»

ደሟ ፈላ። «ደግሞ በልጆች ልቀልድ?» ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ሱሪ እያሳጠረ ነበር፤ ቀና ሳይል «እኔስ አንድ ነገር ስታስረጂኝ ምን እልሻለሁ?» አላት።

«ገባኝ ትላለህ።»

«አዎ። አልገባኝም ካልኩ ከሀ ትጀምሪዋለሽ።»

ክው አለች። «እና ይኼን ሁሉ ዘመን ያልገባህ ምኑ ነው?»

«እሱን አሁን ብናነሳው መች ልንተኛ ነው?» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እንቅልፍም በዓይኗ አልዞረም።

በማግስቱ ክፍል ገባች። እውነቱን ለመናገር የገባችው እነዚያን ሁለቱን ልታሳፍራቸው ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ይበልጣል ብላ ጻፈች። «ለምን? አራት ከሦስት ስለሚበልጥ። ገባችሁ?»

«ገባን» አለ ክፍሉ።

ጣራው ነዘረ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ያሉት። ወደ ሰሌዳው ዞራ የጻፈችውን አጥፍታ «ተሳስቻለሁ፣ ውሸት ነው ያስተማርኳችሁ» አለቻቸው። ይሄኔም ገባን አሉ። አይ ልጆች።

ሐሙስ እስኪደርስ አልቻለችም። በዕረፍት ሰዓት ሁለቱን ፈልጋ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ማንም «አላልንም ነበር?» አላላትም። ሦስቱም ቁጭ ብለው አንዲት ነገር ለመለወጥ ተስማሙ፤ «ገባችሁ» የሚባል ቃል ቀርቶ እያንዳንዱ ልጅ የተማረውን ለጎረቤቱ በራሱ አፍ ያስረዳል፤ እሷ በየወንበሩ እየዞረች ታዳምጣለች። ያልገባው እጁን ያወጣል፤ በእሱም መሳቅ የለም።

ቃሉን መተው ግን እንዲህ የዋዛ አልነበረም። «ገባ...» ብላ ምላሷን ስትነክስ ልጆቹ «...ን» ብለው ይጨርሱላትና ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች። ዞር ዞር ብላ ስታዳምጥ ግን የምትሰማው ጆሮ ሰምቶት የማያውቅ ጉድ ነው፤ አንዱ ክፍልፋይ ማለት ክፍል የሚያልፍ ልጅ ነው ብሎ ጎረቤቱን አሳምኗል። አልገባኝም ብሎ እጁን የሚያወጣ ግን ጠፋ። ሳምንታት አለፉ፤ አንድም እጅ አልወጣም።

ዳይሬክተሩ መጥቶ ኋላ የተቀመጠው ይኼኔ ነው። ትምህርቱን ሳትደናቀፍ ይዛዋለች። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፣ ጽሑፏ አምሯል፤ እንዲያው እንዲህ እንዳለ ደወሉ ቢደወል ክፍሉ በእሷ እጅ ይቀራል። በመሃል በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው፣ ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

ምነው ዛሬ? ምነው በዚህ ሰው ፊት? «በኋላ ነይ፣ አስረዳሻለሁ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቷል። ዋጠችው።

«የቱ ጋ ነው የጠፋብሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ቁራሹ ለምን ያንሳል?»

«እኔም እሱ አልገባኝም» አለ ከኋላዋ ያለው። ሌላ እጅ ወጣ። ሌላም። ግማሽ ክፍሉ እጁን አወጣ። ትምህርቷን እዚያው ትታ ወረቀት መቅደድ ጀመረች፤ አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት፣ ልጆቹንም እያስቀደደች። ደወሉ ሲደወል ለዕለቱ ያቀደችው ገና ግማሹ እንኳ አልተነካም ነበር።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዳይሬክተሩ ወደ እሷ መጣ። «እትዬ፣ ግማሹ ክፍል እኮ አልገባኝም አለ።»

«አዎ፣ ነገሩኝ» አለች። «በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ ልጅ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ክፍሉን ይውሰዱት፣ ግን ነገን ብቻ ይተዉልኝ። የቱ ጋ እንደጠፋባቸው ገና ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ወለሉ ላይ ከተበተነው ወረቀት አንድ ቁራጭ አነሳ።

«ነገም ይግቡ፣ ከነገ ወዲያም ይግቡ» አላት። «ለቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ የልጅቷን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችው። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትመጣም ሁሉን ጠርጋ እሱን ብቻ እንድትተውላት ለመነቻት።