ለጋሽ ቆጭቶ ያስተረጎምኩ ዕለት

ካለፈው ወር በፊት ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። እናቴ አልሰማችም፤ የንስሐ አባቴም አልሰሙም። ስለ ሐሜት፣ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፈረሰ ጾም ስናዘዝ ኖሬ ይህችን ብቻ እየዘለልኩ ነው የምወጣው። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ። እንድታዝኑልኝ ግን አይደለም። የሚታዘንለት ሌላ ሰው ነው።

አስካለች እባላለሁ። ቦንጋ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ አሁን ታግጃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሲባል ሰው የሚታየው መምህሩና ተማሪው ነው። መዝገብ ቤት የምትቀመጠዋን፣ ማደሪያ የሚቆጣጠረውን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚያጥበውን፣ ችግኝ የሚያጠጣውን ማን ልብ ይላል? እኛ የአስተዳደር ሠራተኛ እንባላለን። ለዚህ ሥራ የሚመጣ ሰው ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ በኩል ነበር የሚያልፈው። ማስታወቂያውን የምለጥፈው እኔ፣ ማመልከቻውን የምቀበለው እኔ፣ ማስረጃውን አይቼ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚለውን ማህተም የምመታው እኔ።

የእጽዋት ማዕከላችን የመስክ ረዳት ፈለገ። ሥራው ጫካ ገብቶ ዛፍ መለየት፣ ዘሩን በወቅቱ መልቀም፣ ችግኙን ማሳደግ ነው። መስፈርቱ የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ ይላል። በዚያ መስፈርት ሁለት ልጆች አከታትለን ቀጠርን። አንደኛው ጭቃው አማረረውና በሦስተኛው ወር ጠፋ። ሁለተኛው አንድ መደብ ሙሉ የቀረሮ ችግኝ ፀሐይ ላይ ትቶ አደረቀው። የሁለቱም ማስረጃ የተሟላ ነበር።

ጋሽ ቆጭቶ የማንኪራ ገበሬ ናቸው፤ ንብም ያረባሉ። ተመራማሪ በመጣ ቁጥር በቀን ሠራተኝነት ተጠርተው ጫካውን የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። የዛፉን ልጥ በጥፍራቸው ጫር አድርገው ያሸቱና ስሙን፣ የሚያብብበትን ወር፣ ንብ ይቀስመው እንደሆነ ይነግሯችኋል። ሰዎቹ እየጻፉ ይሄዳሉ፤ ጋሽ ቆጭቶ ወደ ማንኪራ ይመለሳሉ። የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

ቦታው ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጣ ልጃቸው የጻፈችላቸውን ማመልከቻ ይዘው መጡ። የስድስተኛ ክፍል ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለውታል። የምናወራው በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ ነበር፤ እኔም የዋጫ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁበት ነው።

«ስድስተኛ አይበቃም አሉኝ። እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው ማለት ነበረብኝ። «ለእርስዎ ይታያል። ወረቀቱን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

አመኑኝ። በሁለት እጃቸው ሰጡኝና ሄዱ።

እኔም ሳይቀጠር የቀረ የአንድ አመልካች የአሥረኛ ክፍል ማስረጃ ቅጂ ከፋይል አወጣሁ። ስሙን ሸፍኜ የጋሽ ቆጭቶን ስም በላዩ ለጠፍኩ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳሁት፣ ማህተሙን መታሁበት። ካርዳቸውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ለእሳቸው ትንፍሽ አላልኩም፤ ብነግራቸው እምቢ እንደሚሉ አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትፈርዱብኛላችሁ። ፍረዱ። እኔ ግን ጋሽ ቆጭቶ ያንን ሥራ በመያዛቸው አላፍርም። ጫካውን እንደ ቤታቸው የሚያውቁ ሰው በር ላይ ቀርተው ዋንዛና ብሳና የማይለይ ልጅ የሚገባበት መስፈርት እሱ ይፈር። ለእሳቸው ብዬ ነው ያደረግኩት? አዎ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ ማለትስ አልጣፈጠኝም? ጣፍጦኛል። የሰውን ስም፣ ባለቤቱ ሳያውቅ፣ በሐሰት ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። እሱን ጥፋት ብላችሁ መዝግቡልኝ። ግን ልናዘዝ የተነሳሁበት እሱ አይደለም።

በተግባር ፈተናው ጋሽ ቆጭቶ አንደኛ ወጡ። ሦስት ዓመት ሠሩ። አልበቅል ብሎ ያስቸገረው የገተም ዘር በእሳቸው እጅ በቀለ። የማዕከሉ ኃላፊ እንኳ ሳያማክራቸው ዘር አያስለቅምም ነበር። ጠዋት ጠዋት በቢሮዬ መስኮት ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። እኔም ጀግና ነኝ እያልኩ ሻዬን እጠጣለሁ።

ከዚያ የሁሉም ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃ ይጣራ የሚል ትእዛዝ መጣ። ዝርዝሩ ለየትምህርት ቤቱ ተላከ። መልሱ ሲመጣ የጋሽ ቆጭቶ ማስረጃ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ማህተሙን የመታሁት እኔ ብሆንም፣ ወረቀቱ እኔንም እንዳታለለኝ ነው የገመቱት። ሦስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስቱም ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ካፊኖኖ አይሰሙም። ጋሽ ቆጭቶ ደግሞ አማርኛ ለገበያና ለሰላምታ ያህል እንጂ ለክርክር የሚሆን የላቸውም። ስለዚህ አስተርጓሚ ተፈለገ።

እኔን ጠሩኝ። እኔን!

ጋሽ ቆጭቶ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄ ዶክመንት ፎርጅድ ነው። ከየት አመጡት?» አለ።

«ፎርጅድ ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ቆጭቶ በአማርኛ። ከሦስቱ አንዱ ሳቀ። ጋሽ ቆጭቶ ወደ እኔ ዞሩ። ሐሰተኛ ወረቀት አቅርበዋል ነው የሚሉት ብዬ በካፊኖኖ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። ቀና ብለው በካፊኖኖ እንዲህ አሉ፦

«እኔ የስድስተኛ ክፍል ካርዴን በዚህች ልጅ እጅ ሰጠሁ። ይህን ወረቀት አላውቀውም። እሷ ታውቃለች፤ እሷን ጠይቋት።»

ሦስቱም እኔን አዩ። እኔም በአማርኛ እንዲህ አልኩ፦

«ማስረጃዬን ለቢሮ አስገብቻለሁ፣ ሌላ የማውቀው ነገር የለም ነው የሚሉት።»

ይኸው ነው። በአንድ ትንፋሽ ያለቀ። ስድስተኛ ክፍል የሚለውን ዋጥኩት። በዚህች ልጅ እጅ የሚለውን ዋጥኩት። እሷን ጠይቋት የሚለውን ዋጥኩት። ከእሳቸው አፍ ወጥቶ በእኔ አፍ ሲያልፍ ንጹሕ ሰው ወንጀለኛ ሆነ። ደንግጬ ነው ልበላችሁ? አልደነገጥኩም። ቃላቱን መርጫለሁ። የትኛውን ብተው እንደምድን በዚያች ቅጽበት አስቤ፣ መዝኜ ነው የተውኩት። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በልቤ ደገምኩት! ስንት ጊዜስ አስተካክዬ ተረጎምኩት! ባዶ ክፍል ውስጥ መተርጎም ለማን ይጠቅማል?

ጋሽ ቆጭቶ አዩኝ። ያን ያህል አማርኛ ያውቃሉ። ያሉትን እንዳላልኩላቸው ገብቷቸዋል። አዩኝና ዝም አሉ።

ተባረሩ። ስማቸው ሐሰተኛ ማስረጃ ካቀረቡት ጋር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነበራ። ፖሊስም ጠርቶ ሁለት ቀን ካቆያቸው በኋላ ለቀቃቸው። ማንኪራ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ድሮ የድንበር ጠብ ሲነሳ፣ ባልና ሚስት ሲጋጩ ለሽምግልና መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራቸው ሰው ጠፋ። እኔ በዓመቱ ቡድን መሪ ሆንኩ።

አራት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ለማዕከሉ የቀን ሠራተኞች እንድመዘግብ ማንኪራ ተላክሁ። ሌላ ሰው መላክ እችል ነበር፤ አልላክሁም። ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ። ከዛፍ ያወረዱትን ቀፎ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ተነስተው ተቀበሉኝ፣ በርጩማ አወጡልኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። በስሟ ጠርተው!

አልቻልኩም። መሬት ላይ ተንበርክኬ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

«ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው። «አማርኛው ቢያጥርዎትም በጣትዎ ቢያመለክቱኝ ይበቃ ነበር።»

«ፈርታ ነው፣ ነገ ሄዳ ታስተካክለዋለች ብዬ» አሉኝ። «ነገ ስል፣ ነገ ስል አራት ዓመት ሆነኝ።»

እጄን ይዘው አስነሱኝ።

«ይቅርታው የእኔ ነው፤ ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «ያን ቀን ያልኩትን ግን እስከ ዛሬ አላልሽልኝም።»

በሰኞው ደብዳቤ ጻፍኩ። ያደረግኩትን ሁሉ፣ ያሉትንና ያላልኩላቸውን ቃል በቃል አሰፈርኩ። ካርዳቸውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ አያያዝኩት። መዝገብ ቤት ሄጄ ቁጥር አሰጠሁት፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ በእኛ ቤት እንዴት እንደሚጠፋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን አስጠራኝ። በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋው።

«ፋይሉ ተዘግቷል እኮ፣ አስካለች» አለኝ። «ሰውዬውም አልከሰሱም። ለምን ራስሽ ላይ እሳት ትጭሪያለሽ? ደብዳቤሽን መልሰሽ ውሰጂ። እኔም አላየሁም።»

«አልወስድም» አልኩት።

«ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ ክስም አለው።»

«ይክሰሱኛ!» አልኩት። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ አሉ። ይሰማ።

የዲሲፕሊን ክሱ ከእግድ ደብዳቤው ጋር ደረሰኝ። መልስ የሚሰጥበት ወረቀት ላይ ማቅለያ ምክንያት የሚል ቦታ አለው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እናቴ ታማብኝ ነበር በይ፤ ስንት ዓመት ማገልገልሽንም ጻፊ» አለችኝ። እናቴ ያኔ በእርግጥ ታማ ነበር። ግን እናቴ ስለታመመች አይደለም የሰው ቃል የዋጥኩት። ወንበሬን ስለወደድኩ ነው። በቦታው ላይ «የለኝም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

የጋሽ ቆጭቶ ጉዳይ ግን ገና ነው። ስማቸው ከአጥፊዎቹ ዝርዝር የሚሰረዝበት ደብዳቤ ተረቅቋል ይላሉ፤ ፊርማ ይቀረዋል ይላሉ፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ይላሉ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄጄ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ እቆማለሁ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችውን ልጅ የቀጠርኳት እኔ ነኝ። ትናንት ዓይኔን ሳታይ፣ «እትዬ አስካለች፣ ነገ ይምጡ» አለችኝ። ባለጉዳይ በዚህ ቃል እንደሚሸኝ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

እናንተን ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ አልጠይቅምም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። እኔን ያባርሩኝ፣ ይክሰሱኝ፣ ያሻቸውን ያድርጉ። ያ ደብዳቤ ተፈርሞ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ማንኪራ ላይ በሰው ፊት ሳይነበብ ግን ከዚያ መስኮት የሚያነሳኝ የለም። ዛሬም ሄጄ ነበር። ነገም እሄዳለሁ።