በግድግዳችን ላይ የወጣው ባለ ክንፍ

ወንድምጋሼ ዛሬን እንኳ እመነኝ! በእናትህ ዛሬን ብቻ! ባለፈው «ግድግዳው ጠጉር አበቀለ» ብዬ ሰው ብልክብህ «ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመራት» ብለህ ስቀሃል አሉ... አሁን ስልክ ቤት ቆሜ ነው። አንተ ባቡሩ ላይ ነህ ስላሉኝ ለድሬዳዋው ስልከኛ ነው የምነግረው፣ ባቡሩ እዚያ ሲደርስ እሱ አንድ ሳያስቀር ይንገርህ።

ምን መሰለህ... ሚስትህ እንደወለደች እናታችን ቤቱን በአገራችን ወግ አሰናዳችው። የአከራያችን የእትዬ ፋጡማን ነጭ ኖራ «መቃብር ይመስላል» ብላ ግድግዳውን በሙሉ እበትና ጭቃ መረገችው። ከላይ ያለችውንም ቀዳዳ፣ ያቺን ብርሃን የምታስገባውን፣ አራስና ጨቅላ ንፋስ እንዳያገኛቸው ብላ በአሮጌ ጋቢ ጠቀጠቀቻት።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ቤቱ ያልበው ጀመር። ልብሱ ረጠበ፣ በርበሬው ሳይቀር ሸተተ። ግድግዳው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ... እያደር ነጠብጣቡ ተያያዘና... ወንድምጋሼ፣ ክንፍ ሆነ! ሁለት ክንፍ፣ መሃሉ ላይ የቆመ ሰው!

እናታችን አየችና በግንባሯ ተደፋች። «ሚካኤል ነው! ክርስትና ያልተነሳውን ልጅ ሊጠብቅ መጥቶ ነው!» ጧፍ አበራችለት። እንዳንነካው ገዘተችን። እኔም እውነት እልሃለሁ፣ ባየሁት ቁጥር አማትባለሁ።

ልጁ ግን ደረቱ ያፏጫል። ትናንትማ ከንፈሩ ጠቆረ። ሚስትህ ስታለቅስ እናታችን «መልአኩ እዚሁ ቆሞ ምን ይሆናል ብለሽ ነው!» ትላታለች።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ፋጡማ አራሷን ሊጠይቁ መጡ። ገና በሩ ላይ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ቢስሚላሂ! ቤቴን ምን አደረጋችሁት?»

«ቀስ ይበሉ፣ መልአክ አለበት» አለች እናታችን።

«ወላሂ መልአክ እንዲህ አይሸትም! ሻጋታ ነው። ኖራዬን በእበት አፍናችሁት ቤቱ በምን ይተንፍስ?»

«በእኛ ሃይማኖት እርስዎን ምን አገባዎት!»

«ሃይማኖትሽን መቼ ነካሁት፣ ግድግዳው የኔ ነው!»

ይሄን ብለው ክንፉን በመዳፋቸው ጠረግ! እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ... እሳት ወርዶ ይበላናል ብዬ። ምንም የለም። ስገልጥ መዳፋቸው ጥላሸት መስሏል፣ አምጥተው አስሸተቱኝ። የረጠበ ስልቻ ይሸታል።

ቀጥለው በሩን ወለል አደረጉት። በዱላ ደግሞ ጋቢውን ከቀዳዳዋ ነቅለው ጣሉት።

ወንድምጋሼ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደገባ ልነግርህ አልችልም... እንደ ምሰሶ ነው ቀጥ ብሎ የገባው። ከግድግዳው የተነሳው ብናኝ፣ ያ ሁሉ ክንፍ፣ በምሰሶው ውስጥ ወርቅ መስሎ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወጣል፣ አያልቅም። ለካ ልጁ ያንን ነው ሲተነፍስ የከረመው! እትዬ ፋጡማ ራሳቸው ቀስ ብለው «ሱብሃነላህ» አሉ።

ሚስትህ ልጁን ታቅፋ ወደ በሩ ሮጠች። አስነጠሰ፣ ደገመ... ከዚያ ማፏጨቱ ቀነስ አለለትና ዓይኑን ገለጠ። ዓይኑ ያንተ ነው! በጨለማው ውስጥ እስከ ዛሬ አላየነውም እኮ።

አሁን እናታችን «መልአኩን አባረራችሁት፣ ጀንበር ስትጠልቅ መልሼ እደፍነዋለሁ» ብላ ምላለች። እትዬ ፋጡማ ኖራ ሊያስመጡ ሄደዋል፣ ግን እናታችን ካንተ በቀር የማንን ቃል ትሰማለች? እኔን እንደሆነ «አንቺ ዝም በይ» ነው። እበቱ ይፋቅ፣ ቀዳዳዋም አትነካ በላት። እኔን ባታምነኝ የስልክ ቤቱን ሰውዬ ይዤው ቤት እሄዳለሁ፣ ግድግዳውን አይቶ እሱ ይመስክርልኝ።

እስክትደውል ከስልክ ቤቱ ደጃፍ ንቅንቅ አልልም... ልጅህ ያቺ ቀዳዳ ተከፍታለት እንዲያድር ሳይመሽ ደውልልኝ!